«ወገቤን ጨረሰው»፦ ቀላል ስፖርት መኪና ለመንገድ ሲዘጋጅ

ባለፈው እትም የትንሿን ባለ ሁለት ወንበር መኪናዬን ሞላ መልሼ እንዳለሰለስኩት በአንድ መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ግማሹ «እንዴት?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ጋሼ፣ አረጁ እንዴ?» ይላል። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ። ሞላውን የቀየርኩት ግን ለዚያ አይደለም። መኪናዋ ተራ መንገድ ላይ በለስላሳ ሞላ የተሻለ ስለምትሮጥ ነው። የዚህን እትም ገጽ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቻለሁ። የሞተር ጥያቄ የላካችሁ፣ እባካችሁ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሞተሯ ከመቀመጫው ኋላ የሆነ ትንሽ ስፖርት መኪና አለችኝ። 740 ኪሎ ትመዝናለች። ከፍታው የሚስተካከል አዲስ ሞላና ሾክ አስገባሁ፤ 40 ሚሊሜትርም ዝቅ አደረግኳት። የፊቱ ሞላ 60 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፤ የድሮው 28 ነበር። ለስላሳ አስፋልት ላይ ልክ የላትም። መንገዱ ትንሽ ሲጎረብጥ ግን መሪው ከእጄ ይነጠቃል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ትዘላለች። ወገቤን ጨረሰው። ጓደኞቼ «ስፖርት መኪና እንዲህ ነው፣ ቻለው» ይሉኛል። እውነት ነው? (ባለ ቢጫዋ)

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። የምትነዳው የታመመች መኪና ነው። ደግነቱ በሽታዋ ይታወቃል።

ከክብደት እንጀምር። አንዱ የፊት ጎማህ የሚሸከመው የአካሏ ክብደት፣ ጎማውንና ፍሬኑን ሳንቆጥር፣ 130 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ሞላው ደግሞ ጎማው ላይ በቀጥታ አልተቀመጠም። ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ክንድ ላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው። ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲነሳ ሞላው 7 ብቻ ይጨመቃል እንበል። ጎማው ጋ የሚደርሰውን ጥንካሬ ለማግኘት የሞላውን ቁጥር በ0.7 ታባዛለህ። ከዚያ ያገኘኸውን እንደገና በ0.7። አንዴ ለርቀቱ፣ አንዴ ለጉልበቱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያባዛና ሁለተኛውን ይረሳዋል። የድሮው 28 ጎማው ጋ ሲደርስ 13.7 ገደማ ነበር። አዲሱ 60 ደግሞ 29.4 ሆኗል።

አሁን 130 ኪሎውን ጫንበት። በድሮው ሞላ መኪናዋ በራሷ ክብደት 93 ሚሊሜትር ያህል ትቀመጥ ነበር። በአዲሱ የምትቀመጠው 43 ብቻ ነው። ችግርህ ያለው እዚች 43 ላይ ነው። መንገዱ ጎድጎድ ሲል ጎማው ተከትሎት መውረድ አለበት። ወደ ታች የሚገፋው ደግሞ ሞላው ነው። ሞላው 43 ሚሊሜትር ከተዘረጋ በኋላ ግን የሚገፋበት ጉልበት አልቆበታል። ከዚያ ወዲያ ጎማው መንገዱን የሚነካው ለስሙ ነው። ኩርባ ላይ ወደ ጎን የምትዘለውም ያኔ ነው፤ ሲይዝ የነበረው ጎማ ለአፍታ ይለቅና መልሶ ይይዛል።

ሌላም መለኪያ አለ። አካሏን ወደ ታች ተጭነህ ብትለቃት፣ ሾኩ ባይኖር፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ትወዛወዛለች? በድሮው ሞላ 1.6 ጊዜ ገደማ። በአዲሱ 2.4። የቤት መኪና ከ1 እስከ 1.5 ባለው መሃል ነው። መንገድ ላይ ለሚነዳ ስፖርት መኪና ከ1.5 እስከ 2 ይበቃል። 2.4 ለውድድር ሜዳ ነው። ሜዳው ደግሞ ጉድጓድ የለውም።

ጓደኞችህን የሚያሳስታቸው ምን መሰለህ? ያንኑ 29.4 በአንድ ጎማ 400 ኪሎ በሚሸከም ከባድ መኪና ሥር ብታደርገው፣ በሰከንድ 1.4 ጊዜ ብቻ ነው የሚወዛወዘው። ይመቻል። የሞላው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ስንት ኪሎ ከላዩ አለ? መጀመሪያ ይሄ ይጠየቅ።

በዚህ ላይ 40 ሚሊሜትር ዝቅ አድርገሃታል። ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ በፊት 65 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አሁን የቀረህ 25 ነው። ከዚያ በኋላ የሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን ማቆሚያ ላስቲክ ትመታለህ። ላስቲኩን የመታ ጎማ ሞላ የለውም ማለት ይቻላል። መሪው ከእጅህ የሚነጠቀው አንድም ለዚህ ነው፤ አንድም ስትወርድ የመሪው ዘንግና ክንዱ የነበራቸው አንግል ስለሚዛባ ነው። ያኔ ጎማው በተነሳና በወረደ ቁጥር፣ መሪውን ሳትነካው፣ ራሱ ይዞራል።

ላስቲኩን እየመታህ መሆኑን ማወቅ ከፈለግክ ቀላል ነው። ለሽቦ ማሰሪያ የምንጠቀምባትን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ውሰድ። በሾኩ ዘንግ ዙሪያ እሰራትና ወደ ታች ገፍተህ ከሾኩ አካል ጋር አስጠጋት። የለመድከውን መንገድ ነድተህ ተመለስ። ማሰሪያዋ ላስቲኩ ሥር ተለጥፋ ካገኘሃት ነገሩ አለቀ። ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? 25 ሚሊሜትር መልሰህ ከፍ አድርጋት። የፊቱን ሞላ በ34 ገደማ ቀይረው። በሰከንድ 1.8 ጊዜ መወዛወዝ ይሰጥሃል፤ ከድሮው ጠንከር ያለ ነው፣ ግን መንገድ ላይ ይኖራል። ሾኩንም አላላው። ሾክ የሚመረጠው ለሞላው ነውና ለ60 የተዘጋጀው ለ34 ይበዛበታል። ሞላው በግማሽ ሲለሰልስ ሾኩ በ30 በመቶ ገደማ መላላት አለበት፤ የአንተም ከዚያ አይርቅም። የእንግሊዙ ስፖርት መኪና ሠሪ ሎተስ ስሙን የተከለው በዚህ አሠራር ነው፦ ለስላሳ ሞላ፣ በደንብ የተመረጠ ሾክ። በ1996 የወጣችው የመጀመሪያዋ ኤሊዝ ወደ 725 ኪሎ ነበረች። መንገድ ላይ የምትሄደው ግን ስታያት እንደምታስበው እየነጠረች አይደለም።

ስለ ኋላው ሞላ አልጻፍክም። ከፊቱ የላላ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሞሪስ ኦሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ከሮልስ ሮይስ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ሄዶ በ1930ዎቹ የመኪና ምቾትን አጥብቆ ያጠና ሰው ነው። የደረሰበት ነገር ይሄ ነው፦ የኋላው ከፊቱ ትንሽ ፈጠን ብሎ መወዛወዝ አለበት። ጉብታውን መጀመሪያ የሚመታው የፊት ጎማ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.3 ሜትር ላለው መኪና፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ የኋላው 0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ይመታል። የዘገየው ፈጠን ካለ ይደርስበታል፤ መኪናውም እኩል ወጥቶ እኩል ይወርዳል። ካልደረሰበት አፍንጫው ሲወርድ ጭራው ይነሳል፣ እንደ ፈረስ ይጋልብሃል።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ጠንካራ ሞላ ያስገባሁ ሰሞን አንድ ተራ የቤት መኪና ከኋላዬ ተለጥፎ አልለቅ አለኝ። ማን እንደሆነ ለማየት መስታወቱን ባየው፣ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ አንዱ መኪና ሦስት ሆኖ ይታየኛል። ቀጥሎ በመጣው ጎርባጣ ኩርባ ላይ አለፈኝ። ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለኝ። ጎሚስታው ሁልጊዜ 33 ይሞላልኛል። መኪናው ትንሽ ይነጥራል። ሞላ ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር። ፋብሪካው ለዚያ መኪና ያዘዘው 26 ፒኤስአይ ነው፣ 1.8 ባር ገደማ። ጎሚስታው 33 የሚሞላው ሥራውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚሞላው ከባድ መኪና ስለሆነ እጁ ለምዶ ነው። ጎማ ራሱ ሞላ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ መንገዱን የሚነካ ሞላ። የራስህን መለኪያ ያዝ። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካ። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲቀያየር 0.1 ባር ያህል እንደሚለዋወጥ አትርሳ። ይሄን ሳታስተካክል ሌላ ምንም ነገር አትንካ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሾኬ 24 ጠቅታ ያለው ማስተካከያ አለው። አንድ ወር ሙሉ ሳዟዙረው ከረምኩ። አሁን የቱ ጥሩ እንደነበረ እንኳ ጠፋኝ። ጓደኛዬ «መሃሉ ላይ፣ 12 ላይ ተወውና ተገላገል» ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛህ ጥሩ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ነው። ግን መሃል ማለት መሃል አይደለም። በብዙ ሾኮች ለውጡ በእኩል አይመጣም። ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ጠቅታ ላይ ነው ዋናው ለውጥ ያለው። ወደ መክፈቻው ጫፍ ያሉት ሦስት አራቱ ሲዞሩ ምንም ላይሰማህ ይችላል።

እንዲህ አድርግ። አራቱንም በሁለት ጣትህ ብቻ ቀስ እያልክ እስከ መጨረሻው ዝጋ። በፒንሳ አትጠምዝዘው፤ ውስጡ ያለችው መርፌ ቀጭን ናት። ቁጥሩን ሁልጊዜ ከተዘጋው ጀምረህ ወደ መክፈቻ ቁጠር። ከዚያ መንገድ ምረጥ። ረጅም አይሁን፤ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ይበቃል። አንድ ጉብታ፣ አንድ ጎርባጣ ኩርባ፣ አንድ ፍሬን አጥብቀህ የምትይዝበት ቦታ ይኑረው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ንዳ፤ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በቀዝቃዛ ሾክ የወሰንከው አይጸናም።

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ክፈተውና በቀስታ ንዳ። ጉብታውን ስታልፍ አካሏ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትነሳለች። ያቺን ሁለተኛዋን መነሳት ነው የምናጠፋው። ፊትም ኋላም ሁለት ጠቅታ ዝጋና ድገም። እንደገና ሁለት። አንዴ ተነስታ ወርዳ ዝም ያለች ጊዜ ቁጥሩን ጻፍ።

እዚያ ላይ ግን አታቁም። አሁንም ዝጋ። ሲበዛ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብህ። በብዙዎቹ ባለ አንድ ቁልፍ ሾኮች ቁልፉ የሚቆጣጠረው በዋናነት ሞላው ሲዘረጋ ያለውን ነው። ያ ሲጠብቅ፣ ተከታታይ ጉብጠት ላይ ጎማው ከአንዱ ተመልሶ ሳይወርድ ሌላው ይመጣበታል። መኪናዋ በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠች ትሄድና መጨረሻ ላይ ማቆሚያው ላስቲክ ላይ ትቀመጣለች። ለነጂው ሞላው የጠነከረ ይመስለዋል። ስንቱ ሰው ደህና ሞላውን አውጥቶ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው! ይሄ ሲሰማህ ወደ ጻፍከው ቁጥር ተመለስ፤ አንድ ጠቅታም ጨምረህ ክፈት።

የእኔ ደብተር መኪናዋ ውስጥ ናት፤ ሽፋኗ ላይ የቅባት አውራ ጣቴ ታትሟል። አንዱ ገጽ «ፊት 14፣ ኋላ 12። ድልድዩ ላይ አንዴ ብቻ። ጥሩ» ይላል። ከሥሩ «ፊት 10። ባለቤቴ ማንበብ አቆመች» ተጽፏል። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ መጽሔት ታነባለች። ማንበብ ስታቆም አጥብቄዋለሁ ማለት ነው። ከየትኛውም ኮምፒውተር ይልቅ በእሷ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ወደ ግራ ስዞር የመኪናዬ አፍንጫ ይዘገያል፤ መሪው በደንብ አይሰማኝም። ወደ ቀኝ ስዞር ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ኋላዋ ቶሎ ያመልጣል። ፍሬን ስይዝ የግራው የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆልፋል። አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል ልክ) ሁለት ጊዜ ታይቷል፤ ልክ ነው ተባልኩ። ምን ይሁን? (የግራ እጅ ነጂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ደስ አለኝ። እንዲህ አስተውሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። መኪናሽ አንድ እግሩ አጭር የሆነ ጠረጴዛ ናት። አራቱ ጎማ ክብደቱን በትክክል አልተካፈሉትም።

የሚያስፈልግሽ አራት ሚዛን ነው፣ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ። ለውድድር መኪና የሚያዘጋጁ ጋራዦች አላቸው። ከመመዘኑ በፊት የጎማው አየር ይስተካከል። ነዳጁ ግማሽ ይሁን። የስታቢላይዘሩ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማን የሚያስረው ዘንግ፣ ማያያዣ ከአንድ ወገን ይፈታ። ሚዛኖቹ በውሃ ልክ ይታዩ፤ ወለሉ ዝንፍ ካለ ቁጥሩ ይዋሻል። ደግሞ መቀመጫሽ ላይ የአንቺን ያህል ክብደት ይቀመጥ፣ የአሸዋ ከረጢትም ቢሆን። 1,800 ኪሎ መኪና ላይ አንድ ሰው ብዙ ለውጥ አያመጣም። 725 ኪሎ ላይ ግን 75 ኪሎ ሰው ከመኪናው አንድ አሥረኛ ነው፤ ያውም በአንድ ወገን።

ምሳሌ ልስጥሽ። የግራ ፊት 172፣ የቀኝ ፊት 188፣ የግራ ኋላ 236፣ የቀኝ ኋላ 204። ድምሩ 800 ነው። አሁን በሰያፍ ደምሪ። የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ 424 ሆኑ፣ 53 በመቶ። ሌላው ሰያፍ 376። አንቺ የጻፍሽው ምልክት በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ይሄኛው ሰያፍ ሲከብድ ወደ ግራ ስትዞሪ አፍንጫዋ ይዘገያል፤ ወደ ቀኝ ስትዞሪ ኋላዋ ያመልጣል። የግራው ፊት ደግሞ ቀላል ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ቀድሞ ይቆልፋል።

የሚስተካከለው የሞላው መቀመጫ ቀለበት ላይ ነው። የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላሉ። እንዲህ ከሆነ የመኪናዋ ከፍታ አይለወጥም። አንድ ዙር፣ ከዚያ መኪናዋን ወደፊትና ወደኋላ ገፍቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ማንበብ። በእኔ ምሳሌ መጨረሻው 184፣ 176፣ 224፣ 216 ቢሆን ሰያፉ 400 ለ400 ይመጣል። የግራው ወገን ድምር 408 እንደሆነ መቅረቱን ልብ በይ። ያንን ቀለበት አይቀይረውም። ባትሪውን ወደ ቀኝ ብታዛውሪው ወይም አንቺ ብትከሺ ካልሆነ በስተቀር። ሁለተኛውን አልመክርም።

ከዚያ በኋላ አላይመንቱ እንደገና ይታይ። ከፍታ ሲነካ እሱም ይነካል።

ጥያቄ፦ የኋላ ስታቢላይዘሬን ከ22 ወደ 24 ሚሊሜትር ላሳድግ ነው። ሁለት ሚሊሜትር ምን ያመጣል?

መልስ፦ 42 በመቶ ያመጣል። የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። ሁለት ሚሊሜትር የምትላት ትንሽ አይደለችም። የኋላው ሲጠነክር ኋላው ቀድሞ ማምለጥ ይጀምራል፤ በእርጥብ መንገድ ደግሞ ሳያስጠነቅቅህ። በተጨማሪ ዘንጉ ሁለቱን ጎማዎች ያስራቸዋል። ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙም ይሰማዋል፤ ጭንቅላትህ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ያቺ የ1996 ኤሊዝ ከኋላ ጭራሽ ስታቢላይዘር አልነበራትም። ያለህን 22 ሚሊሜትር አንድ ወር ነቅለህ ንዳና ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ የሚወዳደር ጓደኛዬ የፊት ካምበር (የጎማው አናት ዘንበል ማለት) ወደ ውስጥ 3 ዲግሪ፣ የፊት ጎማዎች ደግሞ 3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይከፈቱ ይለኛል። መኪናዬን የምነዳው መንገድ ላይ ብቻ ነው። እቤት በገመድ መለካት ይቻላል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ የጓደኛህ ቁጥር ለጓደኛህ ልክ ነው። እሱ ጎማ የሚቀይረው በውድድር ቁጥር ነው። አንተ ግን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ትነዳለህ። ጎማህ የሚያልቀው ከካምበሩ ይልቅ በመከፈቱ ነው። እስቲ አስላው። 3 ሚሊሜትር በድምሩ ከሆነ ለአንዱ ጎማ 1.5 ነው። 400 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቸርኬ ላይ ከለካኸው፣ እያንዳንዱ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 4 ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይጎተታል። ጎማው እየተላጠ ነው የሚሄደው። የውስጠኛው ጠርዝ ደግሞ ካልተጎነበስክ አይታይም። ሽቦው ከወጣ በኋላ ነው የምትደርስበት።

ለመንገድ፣ ቀላል መኪና ላይ፣ እኔ የምጀምረው እንዲህ ነው። ፊት ካምበር ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ወደ ውስጥ፤ የጎማዎቹ አቅጣጫ ቀጥ ያለ ወይም በድምሩ 1 ሚሊሜትር የተዘጋ። ኋላ ካምበር 1.5 ገደማ፤ በድምሩ 2 ሚሊሜትር የተዘጋ። ፋብሪካው ለመኪናህ የሰጠው ቁጥር ካለ ግን እሱ ይቅደም። የኋላው በምንም ተአምር ወደ ውጭ አይከፈት። ኩርባ ላይ ነዳጁን የለቀቅክ ጊዜ ፊትህን ወደ መጣህበት አዙሮ ያስቀምጥሃል።

ገመዱ እውነት ነው። እኔ ዛሬም በገመድ ነው የምለካው። በግራና በቀኝ፣ በጎማው መሃል ከፍታ፣ ቀጭን ናይለን ወጥረህ በማቆሚያ ታስራለህ። ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። የብዙ መኪና የፊትና የኋላ ጎማ ስፋት እኩል አይደለም። ስለዚህ ገመዱን ከጎማዎቹ እኩል አታርቀው። ከፊት ግራና ቀኝ ከጎማው መሃል ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ ከኋላም እንደዚያው፤ ሁለቱ ገመዶች ደግሞ ከፊትም ከኋላም በመካከላቸው ያለው ስፋት አንድ ይሁን። ከዚያ የቸርኬውን የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ከገመዱ ለካ። ልዩነቱ የጎማው መክፈቻ ወይም መዝጊያ ነው።

መኪናዋን ከክሪክ ስታወርዳት ጎማዎቹ ተወጥረው ይቀራሉ። ወይ ጥቂት ሜትር ግፋት፣ ወይ ከጎማው ሥር ሁለት ላስቲክ ወረቀት በመሃላቸው ቅባት አድርገህ አስቀምጥ። ካምበሩን አስቀድም፤ እሱ ሲነካ ሌላው ይለወጣል። እኔ አንዴ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በከንቱ ፈጅቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ክፍት ጣሪያ መኪናዬም እንደኔው ናት። ባለፈው ዓመት የክንዶቹን ጎሚኒ በሙሉ በአዲስ አስቀየርኩ። ከጋራዥ ስትወጣ ከፍ ብላ ቆመች፤ ስትሄድም ደረቅ ሆነች። ይለምዳል አሉኝ። አሁን ገና ዓመቱ ሳይሞላ ጎሚኒዎቹ ተቀደዱ። ዕቃው የማይረባ ነው ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕቃው ላይሆን ይችላል። እኔም ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ በትዕግሥት ያንብቡኝ።

ክንዱን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ጎሚኒ አይሽከረከርም። ላስቲኩ መሃሉ ካለው የብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ክንዱ ሲነሳና ሲወርድ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። ስለዚህ ቡሎኑ በጠበቀበት ሰዓት ክንዱ የነበረበት ቦታ ለላስቲኩ «ዕረፍት» ይሆንለታል።

እንግዲህ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ ጎማዎቿ ተንጠልጥለው እያለ ቡሎኖቹ ከጠበቁስ? መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ሁሉ ገና ከመነሻው ተጠምዝዟል። ወደ ዕረፍቱ ለመመለስ አካሏን ወደ ላይ ይገፋል። ከፍ ብላ የቆመችው ለዚህ ነው። ደረቅ የሆነችውም ሳይታዘዝ ተጨማሪ ሞላ የገባላት ያህል ስለሆነ ነው። ቀላል መኪና ላይ ይሄ ጎልቶ ይሰማል፤ የሞላዋ ጉልበት ራሱ ትንሽ ነውና። ከዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድ የተጠመዘዘውን ይበልጥ ይጠመዝዘዋል፣ በስተመጨረሻ ይቀደዳል።

እኔ የተማርኩት በራሴ ገንዘብ ነው። የሠራልኝ ጋራዥ ሞላው የተሳሳተ ነው ብሎ አራት ሞላ አስገዛኝ። ምንም አልተለወጠም። አንድ ቀን ሌላ ነገር ልሠራ መኪናዋ ሥር ተኝቼ፣ ጎማዎቿ መሬት ላይ እያሉ፣ የታችኛውን ክንድ ቡሎን አላላሁት። «ቋ!» ብሎ ጮኸ። አፍንጫዋ በዚያች ጥግ አሥር ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ስትል ደረቴ ላይ አየኋት። ደነገጥኩና ወጣሁ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ጥጎችም አላላሁ።

አዲሱን ጎሚኒ ሲያስገቡ መካኒኩን እንዲህ ይበሉት። ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ ያስገባቸው። ከዚያ አራቱ ጎማ ሥር እኩል ከፍታ ያለው ወፍራም ጣውላ አድርጎ መኪናዋን ያውርዳት፤ ለመግባት ቦታ ያገኛል። እርስዎ ይቀመጡባት። መከላከያዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ ያወዛውዛት። ያኔ ያጥብቅ፣ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ፣ በቶርክ መፍቻ። መሥመሩን በቀለም ምልክት ያድርግበት፤ ዳዶው ከላላ ይታያል።

አሮጌዎቹንም ከመንቀልዎ በፊት አንዱን ቡሎን መሬት ላይ እያለች ያላሉትና ይስሙት። ከጮኸ ዕቃ ሻጩን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ካልጮኸ ደግሞ ይጻፉልኝ፣ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።